እግድ ያለበት ጌሾ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ሳልፍ አንዲት ሴት እርጥብ ጌሾ ከነቅርንጫፉ መሬት ላይ ዘርግታ ስትሸጥ አገኘሁ። ጎንበስ አልኩና አንድ ቅጠል በጥሼ በጣቶቼ መሐል አሸሁት። ያ መራራ የለጋ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው የሞጣው ጓሯችን ትዝ አለኝ። "እትዬ፣ ይገዛሉ ወይስ ዝም ብለው ነው የሚያሹት?" አለችኝ ሴትዮዋ። ጠላ መጥመቅ ከተውኩ ዘመን አልፎኛል፤ ቢሆንም ገዛሁ። ይህን ስነግራችሁ እስሩ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ተንጠልጥሏል፤ ልጆቼም ምን ልታደርገው ነው እያሉ ይስቁብኛል።

የሞጣን የድሮ ሰፈር ያላየ ሰው ዛሬ ቢሄድ አያገኘውም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከገበያው በላይ፣ በከተማው መሐል ነበር። ጥንት አገር ገዥው ለሹማምንቱና ለካህናቱ የመራው ቦታ ነው ይባላል። እያንዳንዱ ግቢ በድንጋይ ካብ የታጠረ ሆኖ ከፊት ቤት፣ ከኋላ ሰፊ ጓሮ ነበረው። በጓሮው ውስጥ ኮክ፣ ሎሚ፣ ቡና፣ በካቡ ዳር ደግሞ ወይራና ጽድ። ገበያ ላይ ፀሐይ አናት ስትበሳ ውላ፣ ወደ እኛ ሰፈር ሲታጠፉ ግን አየሩ ራሱ ይለወጥ ነበር፤ ጥላው፣ የእርጥብ አፈሩ ሽታ፣ የንቡ ድምፅ። የከተማው ሰው "ጓሮ ሰፈር" ይለን ነበር፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በቅናት።

እኔ ነፍስ ሳውቅ ሹማምንቱ የሉም። መሬቱም ትርፍ ቤቱም የመንግሥት ነው ተብሎ ታውጇል። የምንኖርበት ተራ ሰዎች ነበርን። አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ ገና ጡት ሳልጥል ነው የሞተው። እናቴ የጓሮዋን ጎመን፣ ቃሪያና ኮክ እየሸጠች ወንድሜንና እኔን አሳደገችን።

ከካባችን ማዶ እንደ እናቴ ባሏ የሞተባት፣ እንደ እናቴ አንድ ወንድ ልጅ ያላት ሴት ትኖር ነበር። በሁለቱ ጓሮዎች መሐል የነበረው ካብ አንድ ክረምት ተናደ፤ በፍርስራሹም ላይ ጌሾ አቆጠቆጠ። እናቴ ባሌ የተከለው ነው አለች። የማዶዋ ሴት ከእኔ ጓሮ የተሻገረ ነው አለች። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አልሆነም። የኛ አገር ሰው ክርክር ይወዳል፤ መንግሥት ቢለወጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዳኛው የት ይቀመጣል ብሎ ነው። አብዮቱ መጥቶ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሲቋቋም ሁለቱ ሴቶች በማግስቱ ነጠላቸውን አደግድገው እዚያ ተገኙ። ሸንጎውም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ እግድ ሰጠ። ዳኞቹ ራሳቸው መጥተው ጌሾውን ዙሪያውን ልጥ ወጠሩበትና ፍርድ ሳይሰጥ ቅጠል የሚቆርጥ ይቀጣል አሉ።

ፍርዱ አልተሰጠም። ጌሾ ደግሞ ካልቆረጡት አያርፍም። ከሰው ቁመት አለፈ፤ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ ተቆላልፎ እስከ መሬት ወረደ፤ ከውስጥ በወደቁት ድንጋዮች መሐል ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ ቀረ። ሁለቱ ሴቶች ያን ሁሉ ጌሾ ደጃቸው ላይ አቁመው ለበዓል ጠላ ከገበያ ጌሾ ይገዙ ነበር። አይነጋገሩም። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ መቀነቷን ታጠብቃለች፣ ሌላዋ ሰማይ ታያለች። እኔም ሴትዮዋን በስሟም በእትዬም ጠርቻት አላውቅም፤ ጭራሽ አልጠራኋትም።

ወንድሜ ቢቸና አክስታችን ዘንድ ሆኖ ይማር ነበር። አንድ ማለዳ ጎመን ልቀነጥስ ጓሮ ስገባ ከኮኩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ግንደወይን ከተማን በሩቁ ዞሮ፣ መኪና መንገዱን ሸሽቶ በእግሩ ነው የመጣው። እግሩ አብጦ ጫማው አይወልቅም። ጓደኞቹን የደርግ ሰዎች ከትምህርት ቤት እንደወሰዷቸው፣ እሱንም አክስታችን ቤት ድረስ መጥተው እንደፈለጉት በሹክሹክታ ነገረን። ከተወሰዱት አንዱም አልተመለሰም። እናቴ አላለቀሰችም። ውሃ ሰጠችውና እሱ ሲጠጣ ዓይኗን በጓሮው ላይ አዞረች።

ያኔ አሰሳ ማለት ቤት መበርበር ነበር። ጎተራውን በሳንጃ ይወጋሉ፣ አልጋውን ይገለብጣሉ፣ ቆጡ ላይ ይወጣሉ። እናቴ ጌሾውን በአገጯ አሳየችው።

"እዚያ ግባ" አለችው።

"እማ፣ እግድ አለበት እኮ" አለ ወንድሜ። ሞት እግር በእግር እየተከተለው ስለ እግድ ሲያስብ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል፤ ያን ለታ ግን ማንም አልሳቀም።

"ለዚህ ነው እዚያ የምልህ። እኔ አልገባበት፣ እሷ አትገባበት።"

እዚያ ገባ። ምግቡን እኔ ነበርኩ የማደርስለት፤ እንጀራውን በቅርጫት አድርጌ በላዩ ጎመን እበትንበታለሁ፤ ጎመን ልቀነጥስ እንደ ሄድኩ ሁሉ ጎንበስ ብዬ በልጡ ሥር አሾልክለታለሁ። ቀና ስል የማዶዋ ቤት በር ፊት ለፊቴ ነው። ልጇ አብዮት ጠባቂ ሆኖ ጠመንጃ ተሰጥቶታል። ምሳውን የሚበላው እዚያው ደጃፉ ላይ፣ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ወደ ጌሾው ዞሮ ነበር። ሲያኝክ ይሰማኛል። ወንድሜ ሲተነፍስ እሱም የሚሰማው ይመስለኝና ጎመኑን ከነሥሩ እነቅል ነበር።

አንድ ቀን ወንድሜ አሳለው። ልጁ እግሩን ሲታጠብ ነበር፤ ራሱን ቀና አደረገ። እናቴ ሎሚው ሥር ቆማ ነበርና ወዲያው ማሳል ጀመረች። እንዲያ ስታስል አይቻት አላውቅም፤ ግንዱን ይዛ ተንፈራፈረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሳለኛ ሆነች። በጓሮ ታስላለች፣ ገበያ ላይ ታስላለች፣ ቅዳሴ መሐል ታስላለች። ሰው ምስኪን ደረቷን ያዛት አለ፤ የንስሐ አባታችንም ጠበል ግቢ አሏት። እውነተኛው ሳል ግን ከጌሾው ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።

ቤታችንን አሳሾቹ መጥተው ፈተሹ። የወንድሜ ስም ከቢቸና ተልኮ ደርሶ ነበር መሰለኝ፣ የወንድሜን የልጅነት መጻሕፍት ሳይቀር በተኑ። ጎተራውን ወጉ። ጓሮውን ከበሩ ላይ ሆነው አይተው ተመለሱ። እናቴ እስኪሄዱ ቆማ ቆየችና በሩ ሲዘጋ ባለችበት ተቀመጠች።

የሚያስጨንቀው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሌላ አገር የተመደበ አንድ ካድሬ ነበር፤ የሰፈሩን ነዋሪ ስብሰባ ጠራ። ይህ ሰፈር የፊውዳል ጫካ ነው አለን፤ ፀረ ሕዝብ የሚሸሸግበት፣ ዓይን የማያልፈው። ስለዚህ ነዋሪው መጥረቢያና ማጭዱን ይዞ ወጥቶ ጓሮውን በገዛ እጁ ይመነጥራል፤ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሰፈሩ ሁለት ጫፍ ጠባቂ ቆመ። ሰው ሲወጣና ሲገባ ይታያል። ሌሊቱ ሰዓት እላፊ ነው። እናቴ ከስብሰባው ስትመለስ አታስልም ነበር፤ ማስመሰሉን እንኳ ረስታው ነበር።

ምንጠራው የተጀመረ ቀን ከጠዋት ጀምሮ የመጥረቢያ ድምፅ ነበር የሚሰማው። አንድ ዛፍ ሲወድቅ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ቅጠሉ ሁሉ አንድ ላይ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ውሾች ይጮኻሉ። ድምፁ እየቀረበ መጣ። ከድምፁ ጋር ብርሃኑም መጣ፤ በሕይወቴ ፀሐይ አይቼበት በማላውቀው ግድግዳ ላይ ፀሐይ አረፈች። ከቀትር በኋላ እኛ ጓሮ ደረሱ። ገና ያልበሰለ ኮክ ከነቅርንጫፉ ወድቆ ፍሬው መሬት ላይ ተንከባለለ። ሎሚውን ቁረጪ ተብላ እናቴ ራሷ ቆረጠችው። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ጌሾው አላየችም፤ እኔ ግን ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም።

"ይሄስ?" አለ ካድሬው በእጁ እያመለከተ።

አብዮት ጠባቂው የማዶዋ ልጅ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ጌሾው ተራመደ። እግድ አለበት ብላ ልታስቆመው የምትችለው እናቴ ነበረች፤ እሷ ግን ደርቃ ቀርታለች። እኔ እግሬ ሥር የተንከባለለውን ኮክ እያየሁ ወንድሜ አሁን ይሞታል አልኩ በልቤ። በእነዚህ ቃላት ነው ያልኩት።

የማዶዋ ሴት ያኔ በጎናችን አለፈች። ማጭድ ይዛለች። "ቆይ አንተ" አለችው ልጇን፣ "የኔን ጌሾ የምጀምረው እኔው ነኝ።" ልጡን ቀና አድርጋ ጎንበስ ብላ ገባች። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ከእሷ የሚታየኝ ጀርባዋና ተረከዟ ብቻ ነበር። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ወደ ኋላዋ እያለች ስትወጣ ሻሿ ላይ ቅጠል ተለጥፏል፤ ፊቷ ላይ ግን የሚነበብ ነገር የለም። ማጭዷን ወደ መቀነቷ ሻጠችና እናቴ ፊት ቆመች። ያን ያህል ዓመት ቃል አልተለዋወጡም።

"አንቺ፣ ይህን የዶለትሽው አንቺ ነሽ" አለቻት።

እናቴ ሁሉ ነገር ያለቀ መሰላት።

"ፍርዱ ወደኔ ማዘንበሉን ስታውቂ ጊዜ ጌሾውን አስቆርጠሽ ክርክሬን ልታጠፊብኝ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ዳኛ ምኑን ያያል? እግድ አለበት። አይነካም።" ጥቂት ጠበቀች። እናቴ አሁንም ዝም ስትል ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ምነው ዝም አልሽ? ሐሰት ከሆነ ሐሰት ነው በይ እንጂ።"

የእናቴ ትንፋሽ ሲመለስ አየሁት። በደረቷ ነው ያየሁት።

"ሐሰት ነው" አለች። "ጌሾው የባሌ ነው። እኔን ሳይገድል የሚነካው የለም።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መተረክ የሁለቱን ሴቶች አንደበት ይጠይቃል። የባሎቻቸው አባቶች ተነሱ፣ የሞቱ ምስክሮች ተጠሩ፣ ካቡን ማን እንደካበው፣ በየትኛው ክረምት እንደተናደ፣ ያን ጊዜ የማን በሬ እንደገባ ተወራ። ሰው ከጠዋት ጀምሮ የገዛ ጓሮውን ሲያጠፋ የዋለ ነው፤ መጥረቢያውን ተደግፎ ቆመና ያዳምጥ ጀመር። አንዱ እሷ ናት እውነተኛዋ ይላል፣ ሌላው እግዱስ በሕግ ነው ይላል። የሸንጎው ዳኞችም ከሰው መሐል መጥረቢያ ይዘው ቆመው ነበር። ካድሬው ቁረጡት ብያለሁ አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በእኛ አገር ክርክር ያለበትን ነገር መንካት የሰው ሚስት እንደ መንካት ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር የዚያው ሰፈር ልጅ ነበር። ጉሮሮውን ጠራረገና "ጓድ፣ ሸንጎው እግድ ሰጥቶበታል" አለው። "የሸንጎው ውሳኔ የአብዮቱ ውሳኔ ነው ብለን ነው ለሕዝቡ ያስተማርነው። እኛው ከጣስነው ነገ ማን ያከብርልናል?"

ካድሬው ሁለቱን ሴቶች ከላይ እስከ ታች አያቸው። "ይህ ሁሉ ለጌሾ ነው?" አለ።

"አዎ፣ ለጌሾ ነው" አለችው የማዶዋ ሴት።

ፊቱን አዙሮ ወደሚቀጥለው ግቢ ሄደ፤ ሰዉም ተከተለው። እሷ ልጇን በእጀታው ያዘችና "ና፣ እህል ቅመስ" ብላ ወደ ቤቷ ይዛው ገባች። እናቴን መለስ ብላ አላየቻትም። ራቁቱን በቀረው ጓሮ ውስጥ የቆመ ነገር ቢኖር ያ ጌሾ ብቻ ነበር፤ ከሩቅ ሳይቀር ይታይ ነበር።

ጠባቂዎቹ ከሰፈሩ ጫፍ በተነሱ ሰሞን አንድ ማለዳ ከካቡ ፍርስራሽ ላይ የተጣጠፈ ያረጀ የወንድ ጋቢና ከዘራ አገኘሁ። የማዶዋ ሴት ባል ጋቢ ነበር፤ ጥለቱን አውቀዋለሁ። የገበያ ቀን ነበር። ወንድሜ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ፣ ከአህያ ነጂዎች መሐል ገብቶ ወጣ። እናቴ ሊስማት ሲል ገፋችው፤ ሂድ አለችው። ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ላይ እንዳለ የሰማነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ስኳር ይዞታል እንጂ ደኅና ነው።

እኔ እንግዲህ ሁለቱ ሴቶች የሚታረቁ መስሎኝ ነበር። ልጅነት ነው። አንድ ቀን እናቴን መቼ ነው የምትታረቁት ብዬ ጠየቅኋት። እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ።

"ዛሬ ብንታረቅ ሰው ምን አስታረቃችሁ ይላል" አለች። "ከዚያ ያንን ቀን ያስታውሳሉ። ከዚያ ጌሾው ውስጥ ገብተው ወንድምሽ የተኛበትን ሣር ያያሉ። ከዚያ የሚይዙት ልጇን ነው፤ ጠመንጃ አስይዘነው እናቱ ሰው ደበቀች ብለው። ልጄን አትርፋ ልጇን አላስበላትም።"

ስለዚህ ጠባቸው ቀጠለ፤ እንዲያውም ባሰበት። ሸንጎው ሲጠራቸው አንዷ ምስክሬ ሩቅ አገር ሄደ ትላለች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላዋ ታማለች። ዳኞቹ እስኪሰለቻቸው ድረስ ፍርድ አላገኙም። አንዳንድ ቀን በካቡ ላይ ይሰዳደቡ ነበር፤ ሰው ሲያልፍ ድምፃቸው ይጨምራል። አንድ ጊዜ የማዶዋ ሴት የእናቴን የወጥ ሙያ አንስታ አንድ ነገር አለቻት፤ እናቴ መልሷን ጥላባት ቤት ስትገባ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትስቅ ነበር። ያን ሳቅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እሁድ እሁድ ግን ሌላ ነው። የንስሐ አባታችን የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይቆርብም እያሉ ይለምኗታል። ለእሳቸው መናገር ትችል ነበር፤ እሳቸውም የቀበሌ ስብሰባ ይሄዳሉና ፈራች። ሰው ሲቆርብ እናቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ በአንድ በኩል፣ የማዶዋ ሴት በሌላ በኩል ቆመው ይውሉ ነበር።

የማዶዋ ሴት ደርግ ሳይወድቅ ሞተች። ጥቂት ታማ ነው፤ መታመሟንም ከሌላ ሰው ነው የሰማን። ጠዋት ከማዶ ጩኸት ሲነሣ እናቴ ሊጥ እያቦካች ነበር። እጇን ታጥባ ጥቁሯን ለበሰች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ እስከ ውጭው በር ሄደች፤ በሩን ይዛ ቆመች። የልቅሶው ድንኳን ሲተከል ይታያል። ልጅዋ አሁንም የቀበሌ ሰው ነበር፤ ሊቀመንበሩም ዳኞቹም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። እናቴ እዚያ ገብታ እንደ እህት ብታለቅስ፣ መታገሥም አትችልም ነበርና፣ መቼ ታረቃችሁ የማይል አልነበረም። ተመለሰች። ጥቁሯን አውልቃ ቀድሞ የነበረውን ለበሰች።

"ሂጂ አንቺ" አለችኝ። "ጎረቤት ናት ብለሽ ሂጂ። ለኔም አልቅሽላት።"

ሄድኩ። ሰው ሲያየኝ ተገላመጠ፤ የባላጋራዋ ልጅ ነኝና። ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለቅሶው አላስቸገረኝም። አልቃሿ ስሟን እየጠራች ሙሾ ታወርድላት ነበር። ሸንጎ የማትፈራ፣ በክርክር የማትረታ፣ ድንበሯን የማታስነካ፣ ለክፉ ጎረቤት ያልተንበረከከች ትላለች። ሰዉ ደረቱን እየመታ እውነት ነው ይላል። እኔም አብሬ ደረቴን መታሁ።

ስመለስ እናቴ ጓሮ ውስጥ ከጌሾው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል፤ ነጠላዋ ጫፉ በጥርሷ ተበልቶ ረጥቧል። ድምፅ ሳታሰማ ነው ያን ሁሉ ጊዜ የዋለችው። ምን ብለው አለቀሱላት አለችኝ። አልቃሿ ያለችውን ሁሉ፣ በክርክር የማትረታ፣ ድንበሯን የማታስነካ ያለችውን ሳልቀንስ ነገርኳት። አጎንብሳ አዳመጠችኝ።

"አላወቋትም" አለች። ከዚያ ተነሥታ ያቦካችውን ሊጥ ልትከድን ገባች።